«ጠብቀው» ያልሽኝ ጠመንጃ

እህትዓለም፣

ጠመንጃውን እንዳትተኩሺው። ልደውልልሽ ብል ስልክሽ ትራስሽ ሥር ጮኸ፤ ስለዚህ ይሄን ወረቀት አፈሙዙ ላይ ጠቀለልኩት።

ጠዋት ደረጃውን እየወረድሽ ስትጮኺ «አጥብቀው» ያልሽኝ መስሎኝ፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገባውን ርግጫ መቀነሻ ራሴ ገጠምኩት። በቧንቧ መፍቻ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ። ጠመንጃ ጠጋኙ ሲመጣ «ጨርሻለሁ» ብዬ ከበር መለስኩት። «እህትህ ‹ጠጋኙን ጠብቀው› አላለችህም?» ብሎኝ ወረደ።

ያኔ ነው ያልሽው የገባኝ። ቀጭን ዘንግ ከኋላ በኩል በአፈሙዙ ውስጥ ብሰድ ጫፉ የመቀነሻውን ጠርዝ ነካ፤ ጠሞ ነው የገባው። ብትተኩሺ ጥይቱ ብረቱን ይመታና ስብርባሪው ይበተናል። ልፈታው ብታገል ንቅንቅ አልል አለኝ።

ትከሻሽ በጠመንጃው ርግጫ በልዞ እያየሁ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አቅቶኝ ነው። አንቺም ነገር ሁሉ ከደረጃ ላይ ነው የምትነግሪኝ። ይሁን፣ እሱ አሁን አይነሳ።

ሰውዬውን ልመልሰው እየሮጥኩ ነው፤ እምቢ ካለ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። የዛሬው የተኩስ ልምምድ ይቅርብሽ።

እኔን ጠብቂኝ። ይሄን ከደረጃ ላይ አልጮኽኩትም፣ ጽፌዋለሁ።