አጥር ላይ የተሰጣ አንሶላ

ለወለድሽኝ እናቴ፤ ቢታ ገነት።

እንደምን ከረምሽ? ግራ እጅሽ መንቀሳቀስ ጀመረ? እህልስ ይወርድልሻል? እኔ ደህና ነኝ። ቦንጋ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ትምህርት ቤት የምደርሰው ባጃጅ ውስጥ ጭቃ እየተረጨብኝ ነው።

ባለፈው በስልክ፣ ስትሮኩ ከጣለሽ ወዲህ ሽንት መቋጠር እንዳቃተሽ እያለቀስሽ ነገርሽኝ። ነይና ወደ ቤትሽ ውሰጂኝ፣ ጎረቤቴ የሺሃረግ ይህን ጉዴን ከምታውቅ ሞቴን እመርጣለሁ አልሽኝ።

እስቲ ላስረዳሽ፤ እንጀራዬ ማስተማር አይደል? የሽንት ፊኛ ግድግዳ ልሙጥ ጡንቻ ነው። እንደ ክንድሽ ጡንቻ ስላዘዝሽው አይታዘዝም። ፊኛው ሲሞላ ነርቭ ለህብለ ሰረሰር ይናገራል፤ ጡንቻው ጭምቅ ይላል፤ ባለቤቱን የሚያማክር የለም። ቆይ ብሎ የሚይዘው አንጎል ነው። ያ ልጓም አንዳንድ ልጅ ላይ ዘግይቶ ይጠናል፤ ስትሮክ ሲመታ ደግሞ ይላላል። ስለዚህ ጥፋትሽ አይደለም፣ አይዞሽ። የእኔም ጥፋት አልነበረም፤ ገና ሕፃን ነበርኩ።

ሳማውን ታስታውሺዋለሽ? እጅሽን እንዳይለበልብሽ በጨርቅ ይዘሽ ከጓሮ ትቆርጪው ነበር። ጨርቁ ለአንቺ፣ ሳማው ለጭኔ። ከዚያ ሌሊት የሸናሁበትን አንሶላዬን መንገድ ዳር አጥር ላይ ሰጥተሽ ሥሩ አቆምሽኝ። እትዬ የሺሃረግን ጠርተሽ ነይ ጉድ እዪ አልሻቸው፤ ሳቁ፣ አንቺም አብረሽ ሳቅሽ። ልጆቻቸው ሽንታሟ አሉኝ፤ ስሙ ትምህርት ቤት ድረስ ተከተለኝ። በፈራሁ ቁጥር ደግሞ ይብስብኝ ነበር። ወይ ነዶ! ዛሬም ሳስበው አንጀቴ ያርራል። ይቅር ልልሽ ሞክሬ አቃተኝ።

መጥቼ አልወስድሽም። የፍራሽ ላስቲክና ሁለት አንሶላ በሚኒባስ ልኬልሻለሁ። ታጥቦ የት እንደሚሰጣ ለአንቺ አይነገርም።

ስልክ ብደውል አንቺ ብቻ ነበር የምትሰሚኝ። ፊደል እንዳልቆጠርሽ ስለማውቅ፣ ደብዳቤውን ከእቃው ጋር የላኩት በጎረቤትሽ አድራሻ ነው።

አምላክ ጤናሽን ይመልስልሽ፣ ዕድሜሽን ያርዝመው።

እትዬ የሺሃረግ፣ እስከዚህ ድረስ ጮክ ብለው ስላነበቡላት እግዜር ይስጥልኝ።

ሽንታሟ ልጅሽ