ሪባን ስለታሰረበት የዕረፍት ክፍላችን

ለክቡር የሆስፒታላችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ በር የጠነከረ፣ ትንፋሽዎም እንደ ስብሰባዎችዎ የማያልቅ ይሁን እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ሠራተኛ ነኝ፤ ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ጠያቂ ስለተከለከለ፣ በታማሚ ጆሮ ላይ ስልክ ይዤ ከቤተሰቡ ጋር የማሰነባብተው እኔ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት በክፋት ሳይሆን፣ ቢሮዎ ደጋግሜ ብመጣ ስብሰባ ላይ ስለነበሩ ነው። ስብሰባው ስለ እኛ ድካም መሆኑን ጸሐፊዎ ስትነግረኝ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

አንደኛ፤ ስለ ዕረፍት ክፍላችን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ቀድሞ የምናለቅሰው አንሶላ በሚቀመጥበት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ተራ እየጠበቅን ነበር። እርስዎ አንጀትዎ አልችል ብሎ አንሶላውን አስወጡልን፣ ቀለም አስቀቡልን፣ ሶፋ አስገቡልን፣ በሩ ላይ «የመንፈስ ማደሻ» ብለው አስጻፉልን፣ ከዚያም እንዳይቆሽሽ ቆለፉት። እንግዶች መጥተው እስኪመርቁት ቀይ ሪባን ታስሮበታል። እንግዶቹ ደግሞ በወረርሽኙ ምክንያት ወደ ሆስፒታሉ እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ስለዚህ ወረርሽኙ ያደከመንን ሰዎች ክፍሉ የሚያሳርፈን ወረርሽኙ ካለፈ በኋላ ነው ማለት ነው፤ አርቆ አሳቢነትዎን አደንቃለሁ። እስከዚያው ባልደረባዬ ደረጃው ሥር ከመጥረጊያዎቹ ጋር ታለቅሳለች። የጽዳት ሠራተኛዋም መጥረጊያ ልትወስድ በመጣች ቁጥር ይቅርታ ጠይቃ አብራት ታለቅሳለች፤ ኮሪደሩ ሳይጠረግ የሚውለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛ፤ ስለ ጭንቀት ማስወገጃው ሥልጠና። በዕረፍት ቀናችን ጠርተው ስለ ዕረፍት ጥቅም አስተማሩን። አሠልጣኙ በረጅሙ ተንፍሱ ሲሉን ጭንብል ደራርበን ስለነበር ራሳችንን ልንስት ምንም አልቀረን። ስሜታችሁን አውጡ ሲሉን ደግሞ ያወጣችው አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷም ሥነ ሥርዓት እንድትይዝ ተነግሯታል።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ ሳይሆን የቤት ወሬ ነው። በቀደም ታላቅ እህቴ ስለ ልጇ ፈተና ልታወራኝ ደወለች። ሾርባ እያማሰልኩ ነበርና «ይናገሩ፣ ይሰሙዎታል» ብዬ ስልኩን ወደ ድስቱ አስጠግቼ ያዝኩላት። ድስቱ ሳይመልስላት ሲቀር ማልቀስ ጀመርኩ። እህቴ ሾርባው ያረረብኝ መስሏት ስታጽናናኝ ቆየች። እውነቱን ልንገርዎትና፣ የሰው ስንብት ጆሮዬ ውስጥ ቀርቷል፤ የማራግፍበት ቦታ የለኝም። ደክሞኛል፣ ክቡርነትዎ።

የምለምንዎት በሩን እንዲከፍቱልን ብቻ ነው። ሪባኑን እርስዎ ይቁረጡት፤ መቀስ ከቀዶ ሕክምና ክፍል እንዋሳለን፣ ጭብጨባውንም እኛው እንችላለን።

ሶፋውን በቁልፍ ቀዳዳ ብቻ የምታውቀው፣ ውለታዎ ከጫንቃዋ የማይወርድ፣ ከመጥረጊያዎቹ መካከል ሆና ዕድሜዎን የምትመኝ ታዛዥዎ፣
የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ሠራተኛ

ልረሳው ነበር፦ እዚሁ የተኙት ወላጅ እናትዎ፣ ተመስገን ነው፣ ተሽሏቸዋል። ትናንት ከእርስዎ ጋር በስልክ አገናኝቻቸው ስልኩን ስዘጋ ዓይኔን አይተው ምን ሆንሽ አሉኝ፤ የክፍሉን ነገር አጫወትኳቸው። «የኔ ልጅ እዚህ ትልቅ ሰው ነው። በሩን የቆለፈባችሁን ሰው ስም ብቻ ንገሪኝ፤ በልጄ አስገሥጽልሻለሁ፣ እምቢ ካለም ራሴ ጆሮውን እቆነጥጠዋለሁ» ብለውኛል። እስካሁን ስሙን አልነገርኳቸውም። ሐሙስ ይወጣሉ፤ መውጫቸውም በሪባኑ ፊት ለፊት ነው።