ጣሳዬ በተሰቀለበት ቤት እንድቆጠር

ቀን፦ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለወረዳችን የነዋሪዎችና የቤቶች ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ጉለሌ፣ አዲስ አበባ

አመልካች፦ ወ/ሮ ሐመልማል ወልዱ
አድራሻ፦ ቀጨኔ፣ ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች፣ ከወ/ሮ ዓሊማ ሱቅ ጎን

ጉዳዩ፦ በሾላ ገደል ከተማ በቀድሞ ባለቤቴ ቤት የተቆጠርነው እኔና ልጄ ከዚያ ተሰርዘን፣ እዚህ በራሳችን ቤት እንድንመዘገብ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህን አቤቱታ የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው ማመልከቻ የሚጽፉት አዛውንት «በእንባ እየታጠብኩ» ብለው ሊጀምሩልኝ ሲሉ «ኧረ ጋሼ፣ እኔኮ ደስ ብሎኛል» አልኳቸው። ብዕራቸውን አስቀምጠው አዩኝና «ደስ ያለው ሰው ምን ብሎ አቤት ይላል ልጄ?» አሉኝ። እኔ ግን እላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ፤ ግራ ክንዴ በፋሻ ቢጠቀለልም የምጽፈው በቀኝ ነው። ወሬ ካበዛሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

1. የተወለድኩትም የተዳርኩትም ሾላ ገደል በምትባል የገጠር ከተማ ነው። ከተማ መባሏ ለወጉ ነው። አንድ መንገድ፣ አንድ የቦኖ ውኃና አንድ ጤና ኬላ አላት። ቆርቆሮ የለበሰ ቤት የሚታየው መንገዱ ዳር ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጭቃና ሣር ነው። በዚያች ከተማ የቤተሰብ ብዛት የሚታወቀው በጣሳ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ የብረት ጣሳ አለው፤ ከበሩ ትይዩ ባለው ግድግዳ ላይ በሚስማር ይሰቀላል። ሙሽራ ጣሳዋን ይዛ ትገባለች። ሕፃን ገና ሳይወለድ ቀጥቃጩ ትንሽ ጣሳ ይሠራለታል። ሰው ሲሞት ጣሳው ለጸበል መጠጫ እንዲሆን ለቤተ ክርስቲያን ይሰጣል። በሕይወት እያለ ጥሎ የሄደ ሰው ጣሳ ግን አይወርድም፤ ይመለሳል ተብሎ ነው። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ግድግዳውን አይቶ «አምስት ናችሁ፣ እግዜር ይጠብቃችሁ» ይላል። ደስ የሚል ወግ ነው፣ አልዋሽም፤ እኔም እወደው ነበር።

2. የቀድሞ ባለቤቴ ስለሺ ይባላል። በማመልከቻ ላይ «አቶ» መባል እንዳለበት አውቃለሁ፤ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው። የልኳንዳ ቤት ሰው ነው። ጾም ሲገባ ልኳንዳው ይዘጋል፤ ሥራ የፈታ እጁ ወደ እኔ ይዞራል። ግራ ክንዴን አጥንት በሚፈልጥበት መጥረቢያ እጀታ ሰብሮታል። ሁለት የፊት ጥርሴን ከቦኖ ስመለስ መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ አውልቆታል፤ ውኃው ከደሜ ጋር ተደፍቶ ሌላ ቅጂ ብሎ መልሶኛል። ሽማግሌ በተቀመጠ ቁጥር «የቤት ጉዳይ ነው፤ ጣሳዋ እዚያው ግድግዳው ላይ አይደል?» ይባልና እመለሳለሁ። በመጨረሻም ሁለተኛ ልጄን ነፍሰ ጡር ሆኜ ሆዴን በጫማው ረገጠው። ልጁ ወንድ ነበር። የጤና ኬላዋ ነርስ ደሜን ባታቆምልኝ ኖሮ እኔም ዛሬ ለክቡርነትዎ የምጽፍ አልነበርኩም።

የልጁ ትንሽ ጣሳ ቀድማ ተሠርታ ተሰቅላ ነበር። ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ጣሳ ለቤተ ክርስቲያን አይሰጥም፤ ለማን እንደሚሰጥ ደግሞ በአገራችን የተባለ ነገር የለም። በቃ፣ እዚያው ቀረች። እኔም መቆም ስችል ልጄን ጽጌረዳን አዝዬ ወጣሁ። ጣሳ ላውርድ የምልበት ሰዓት አልነበረም።

3. ቀጨኔ ከገባን ጽጌረዳ ከአንደኛ ክፍል ተነሥታ አሁን ዘጠነኛ ደርሳለች። መዝጋቢው መጥቶ ቢጠይቀኝ ደስ እያለኝ የምመልሰው ይኼን ነው፦ ቤቱ አንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ወለሉ ሊሾ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ቧንቧና መጸዳጃ ቤት ከግቢው ሰው ጋር በጋራ፣ መብራት አለ (ሲኖር)። ሥራ፦ የተማሪ ዩኒፎርም ስፌት። የቤቱ ነዋሪ ሁለት፣ ሁለቱም ሴት። በዚህ ቤት ተመትቶ የሚያውቅ ሰው፣ ከታች ከማነሣት ከዘንድሮዋ አንዲት ቅዳሜ በስተቀር፣ የለም። ይህ በመጠይቁ ላይ እንደሌለ አውቃለሁ፤ ቢኖር ግን ጥሩ ነበር።

4. በዚህ ዓመት በሾላ ገደልም የቤትና የሕዝብ ቆጠራ ተደረገ። ቆጣሪው ከሌላ አገር የመጣ ልጅ እግር ነው፤ የደረሰው ደግሞ በገበያ ቀን ነው። ቤቱ ሁሉ ክፍት፣ ሰው ሁሉ ገበያ። ከገበያ የቀሩ ጥቂት ጎረቤቶች «ምን ትደክማለህ፣ ጣሳውን ቁጠር» አሉት። እሱም የአገሩን ወግ አከበርኩ ብሎ ግድግዳ ለግድግዳ እየዞረ ጣሳ ቆጠረ፤ ማታ አባወራዎቹን ሰብስቦ የየጣሳውን ስምና ዕድሜ ጠየቀ። ልጁን አልወቅሰውም። አባወራዎቹ ግን የሰው ቁጥር ካነሰ ከተማነቷ ይቀራል፣ ጤና ኬላውም ይዘጋል የሚል ወሬ ስለሰሙ አንዳቸውም «ይቺኛዋ ሄዳለች» አላሉም።

ይህን የሰማሁት አብሮ አደጌ ጸሐይ ስልክ ደውላ ነው። «ሐመልማል፣ እንኳን ደስ አለሽ፤ ከባልሽ ጋር ታርቀሻል!» አለችኝ። «ማን አስታረቀን?» ስላት «ሚስማሩ» አለችኝ። በሳቅ ሞትን። ቀጥላ የነገረችኝ ግን አላሳቀኝም። በቆጠራው መሠረት በሾላ ገደል የወንዱና የሴቱ ቁጥር እኩል ነው ተብሏል። በጣሳ አዎ። በነፍስ ግን ከእኔ በፊትም ከእኔ በኋላም ደም ጎርሰው የወጡ ሴቶች ስንት እንደሆኑ እኔና ጸሐይ በስም እናውቃቸዋለን። ሁሉም እስከ ዛሬ በየባላቸው ግድግዳ ላይ አሉ።

5. ከዚያ በኋላ ቆጠራውን የሚያጣሩ ሰዎች ሊመጡ ነው ተባለ። ያን ጊዜ ነው ስለሺ አዲስ አበባ የመጣው። ቅዳሜ ረፋድ ላይ እየሰፋሁ ሳለ በሩን በርግዶ ገባ። በትከሻው ማዳበሪያ ይዟል። መሬት ላይ ሲገለብጠው ሦስት ጣሳ ተንከባለለ፤ የእኔ፣ የጽጌረዳና ትንሿ።

«አራት ብዬ አስመዝግቤያለሁ፤ ለአጣሪዎቹ አራት ሰው ማሳየት አለብኝ። ጣሳችሁን ያዙና ተነሡ» አለ።

አፌ አያርፍምና «ሦስት ነን እንጂ፤ አራተኛዋ ድመቷ ናት?» አልኩት።

«መሳይ ነው» አለኝ። «መሳይ ስለሺ፣ ወንድ፣ ተማሪ።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ለዚያ ልጅ ስም ለማውጣት አልደረስኩም ነበር። ገና ሆዴ ውስጥ ሳለ ረግጦ የገደለው ሰው ነው ስም አውጥቶ፣ አሳድጎ፣ ትምህርት ቤት አስገብቶ ያስቆጠረው። «እሱንስ ከየት ታመጣዋለህ?» ስለው «የወንድሜን ልጅ አቆማለሁ፤ በእናንተ ቦታ ግን ማን ይቆምልኛል?» ብሎ የጽጌረዳን ፀጉር በእጁ ጠቅልሎ ወደ በሩ ጎተታት። ልጄ በጉልበቷ እየተጎተተች «እማዬ!» አለች።

ያኔ እጄ ያገኘው የራሴን ጣሳ ነው። አባቴ ሲድረኝ ወፍራም ብረት አስቀጥቅጦ ያሠራልኝ ነው፣ ይከብዳል። አፉ ላይ መታሁት። ደገምኩት። ፖሊስ ስንት ጊዜ እንደመታሁት ሲጠይቀኝ «እኔ ቆጣሪ አይደለሁም» ብያለሁ። ደሙ ለሰኞ የሚደርስ ዩኒፎርም ላይ ረጨ፤ ጥርሱም አብሮ ወደቀ። ልጄን ለቀቃትና ከወገቡ የሥጋ ቢላዋውን መዝዞ ግራ ክንዴን ከክርኔ እስከ አንጓዬ ሰነጠቀው፤ ያንኑ ድሮ የሰበረውን ክንድ፣ ሌላ የሌለኝ ይመስል። ሁለተኛ ሲሰነዝር ጎረቤቴ ወ/ሮ ዓሊማ የሱቃቸውን መዝጊያ ብረት ይዘው ገቡና ጉልበቱን አሉት። የአጥንቱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ቢላዋው በአንድ በኩል፣ እሱ በሌላ በኩል ወደቀ። ወ/ሮ ዓሊማ ላዩ ላይ ቆመው «ቆጠራ ነው የመጣኸው? ና ጥርስህን ቁጠር!» ሲሉት፣ ክንዴ እየደማ ሳቅኩ። በመሳቄ አላፍርም።

ሰፈሩ ግልብጥ ብሎ መጣ። ድንጋይ ያነሡም ነበሩ። ያስጣልኳቸው እኔ ነኝ ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ እኔ ድንጋዩ ቢያርፍበት ብዬ ግንባሩን እያየሁ ነበር። ያስጣሏቸው ወ/ሮ ዓሊማ ናቸው፤ «ደጄ ላይ ሬሳ አልፈልግም፣ ሱቅ አለኝ» ብለው። በተቆረጠ የዩኒፎርም ጨርቅ ጠፍረን ለፖሊስ አስረከብነው። የወንጀሉ ነገር በሚመለከተው አካል ተይዟልና እዚህ አላመጣውም።

6. እዚህ ያመጣኝ ይህ ነው። ስለሺ በዋስ ወጥቷል። ለጠየቀው ሁሉ የሚሰጠው መልስ «በመንግሥት ቆጠራ የእኔ ቤተሰብ ናቸው፤ ቤተሰቤን ልወስድ ሄድኩ» የሚል ነው። ወንድሙ አለማየሁም ደውሎ «ከጥምቀት በፊት ሽማግሌ ይዘን መጥተን ልጅቷን ወደተቆጠረችበት ቤት እንመልሳታለን። አንቺ እንደፈለግሽ» ብሎኛል። ልጄ ከዚያ ቀን ወዲህ ፀጉሯን ተላጭታለች፤ የሚያዝበት ነገር እንዳይኖር ብላ። የመዝጊያው ብረት አለ፣ እኔም አለሁ፤ ነገር ግን ሁለተኛ ደም ከሚፈስ ሕጋዊ መልስ ይዤ ብጠብቃቸው ይሻላል ብዬ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ መጣሁ። ሠራተኛዎ በትሕትና ተቀብላኝ «አንድ ሰው ሁለት ቦታ አይመዘገብም፤ እዚያ ተቆጥራችኋል፤ በማመልከቻ አቅርቢ» አለችኝ። ትክክል ናት። ይኸው አቀረብኩ።

7. አንድ ነገር ልደብቅ አልፈልግም። እኔና ልጄ ከሾላ ገደል ከተሰረዝን ሌሎቹም ሴቶች ይሰማሉ፣ እነሱም ይጠይቃሉ። ጸሐይ «ኧረ ተይ፣ ጤና ኬላችንን ታዘጊብናለሽ» ብላ በስልክ ተቆጥታኛለች። ነገሩ አሳስቦኛል፤ ነፍሴ የተረፈችው በዚያ ጤና ኬላ ነው። ግን ጤና ኬላው እዚያ ላሉት ሰዎች መኖር አለበት እንጂ፣ ለሌለሁት ለእኔ ሲባል አይደለም። ስማችን እዚያ ቢቀር አንድ ሰው ልጄን በስሟ ምክንያት ሊወስዳት ይመጣል። ከተማዬ በእኛ ትጉደል።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፦

ሀ/ እኔና ልጄ ጽጌረዳ በቀጨኔ፣ በምንኖርበት ቤት፣ ራሱን እንደቻለ አንድ ቤተሰብ እንድንመዘገብ፤ የቤተሰቡ ኃላፊ በሚለውም ላይ የእኔ ስም እንዲጻፍ፤

ለ/ ይኸው መመዝገባችን ለሾላ ገደል ከተማ በደብዳቤ ተገልጾ ከስለሺ ቤት እንድንሰረዝ፤ «መሳይ ስለሺ» ተብሎ የተጻፈውም እንዲሰረዝ፤

ሐ/ አለማየሁና ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ደጄ ላይ ቆሜ የማሳያቸው ማስረጃ ከጥምቀት በፊት እንዲሰጠኝ፣

በትሕትና እጠይቃለሁ።

መዝጋቢ ልከው ቤቴን ቢያስጎበኙልኝ ደስታውን አልችለውም። ግራ እንዳይጋባ ግን ከወዲሁ ልንገርዎ። ከበሩ ትይዩ ግድግዳው ላይ ሦስት ጣሳ ተሰቅሎ ያገኛል። ከንፈሯ የተጨረመተችው የእኔ ናት፤ አላቃናኋትም፣ አላቃናትምም። መካከለኛዋ የጽጌረዳ ናት። ሁለት ብሎ ይጻፈን። ትንሿን ግን አይቶ ይለፋት፣ የማን ናት ብሎም አይጠይቀን። እሱን የምቆጥረው እኔ ነኝ።

ከደስታና ከሰላምታ ጋር

ሐመልማል ወልዱ
(ፊርማ)