ለሽንብራው ስታማቲስ የመቃብር ቦታ ስለመጠየቅ

ቀን፦ ማርች 11 ቀን 2024

ለፓሊዮስካላ ከተማ አስተዳደር
የመቃብር ስፍራና የዘማቾች መታሰቢያ ክፍል ኃላፊ
ፓሊዮስካላ፣ ግሪክ

አመልካች፦ ወ/ሮ ክሪሳንቲ ካራቪያ፣ ዕድሜ 86፣ የሟች ዘማች ስታማቲስ ካራቪያስ ባለቤት

ጉዳዩ፦ የባለቤቴ አጽም የፊታችን ሐሙስ ወደ ጋራ ጉድጓድ እንዳይጣልና በዘማቾች ረድፍ እንዲያርፍ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ጤና እመኛለሁ። ጽሕፈቴ ቢጣመም ይታገሡኝ፤ የተጣመመው ፊደሌ ነው እንጂ ጉዳዬ አይደለም።

1. ባለቤቴ ስታማቲስ ካራቪያስ፣ የሌፍቴሪስ ልጅ፣ በ1951 ወደ ኮሪያ ዘምቶ ከግራ እግሩ ሁለት ጣቶች በውርጭ ተቆርጠውበት የተመለሰ ወታደር ነበር። በፌብሩዋሪ 2021፣ በወረርሽኙ ጊዜ፣ አረፈ። በቀብሩ ላይ ቄሱን ጨምሮ አራት ሰዎች ነበርን። ሣጥኑ ባንዲራ አልለበሰም፤ ጥሩምባም አልተነፋለትም። ያን ጊዜ አልተከፋሁም፤ በዚያ ሰሞን የሞተ ሁሉ እንደዚያው ነበር የተቀበረው።

2. እንደሚያውቁት በከተማችን መቃብር ሙት የሚተኛው ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመቱ ሞላ። ከመሥሪያ ቤትዎ የደረሰኝ ማስታወቂያ፣ ሐሙስ ማርች 14 ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አጽሙ እንደሚወጣና ማኖሪያ ያልተገኘለት እንደሆነ ወደ ጋራው ጉድጓድ እንደሚገባ ይገልጻል። የአጽም ማኖሪያው ቤት ደግሞ ከርዕደ መሬቱ ወዲህ ጣሪያው ተሰንጥቆ እንደተዘጋ ነው። ቤቴ ልውሰደው ብል ሕግ ይከለክላል ተባልኩ። ታዲያ ወዴት ልውሰደው?

3. ዘማች በዘማቾች ረድፍ ቋሚ ቦታ እንደሚገባው ደንባችሁ ስለሚያዝ፣ ባለፈው ሳምንት ወደ ቢሯችሁ መጥቼ አመለከትኩ። በመስኮቱ ያሉት ወጣት መዝገቡን አገላብጠው፣ «እማማ፣ ስታማቲስ ካራቪያስ የሌፍቴሪስ በ2012 ሞቷል፤ በክብር ተቀብሯል፤ ፋይሉም ተዘግቷል። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይቀበርም» አሉኝ። እኔም «ታዲያ ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ዓመት አንድ አልጋ ላይ የተኛሁት ከማን ጋር ነው ልጄ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ቢሮው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን ቀልድ አላማረኝም ነበር።

4. የስሕተቱ ምንጭ የሚከተለው ነው። በአገራችን የመጀመሪያ ወንድ ልጅ የአባቱን አባት ስም ይወርሳል። አማቴ ሌፍቴሪስና ታናሽ ወንድማቸው በአንድ ክረምት ወንድ ልጅ ወለዱ፤ ሁለቱም በአያታቸው ስም ስታማቲስ ተባሉ። ታናሽ ወንድምየውን ግን ልጁ ሳይጠመቅ ባሕር በላው። አማቴም የወንድማቸው ልጅ አባት የለሽ እንዳይባል በራሳቸው ስም አስመዘገቡት። ስለዚህ በወረቀት ላይ ሁለት ስታማቲስ ካራቪያስ፣ ሁለቱም የሌፍቴሪስ ልጆች፣ አሉ። መንደሩ አንድም ቀን አምታቷቸው አያውቅም። የእኔው ድቡልቡል ስለነበር «ሽንብራ» ይባላል፤ የአጎቱ ልጅ ከልጅነቱ ስለሚያነክስ «ዳክዬ» ይባላል። ዳክዬ በእግሩ ምክንያት ከውትድርና ነፃ ነበር፤ በዘመቻው ጊዜ እዚሁ ጫማ ይሰፋ ነበር። ቅዳሜ፣ በሙታን መታሰቢያ ዕለት፣ የተቀቀለውን ስንዴ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ነበር፤ ቄሱ የሙታንን ስም ሲያነቡ «ስታማቲስ፣ ስታማቲስ» ብለው ሁለት ጊዜ ጠሩ። እግዚአብሔር ዘንድ ሁለት ናቸው። እናንተ ዘንድ ብቻ ነው አንድ የሆኑት።

5. ዳክዬ በ2012 ሲሞት የሞት ማስታወቂያው እንደ ወጉ በየግንዱ ተለጠፈ። ስሙን ያዩት የዘማቾች ማኅበር ሰዎች ማንም ሳይጠራቸው ባንዲራና ጥሩምባ ነፊ ይዘው መጡ፤ ዳክዬም በዘማቾች ረድፍ፣ ከዕብነ በረድ ድንጋይ ሥር ተቀበረ። ባለቤቴ እዚያው ቆሞ ነበር። ክርኔን ይዞ፣ «ዝም በይ፤ አርጊሮን እያት» አለኝ። የዳክዬ ሚስት አርጊሮ ዕድሜዋን ሙሉ «የአንካሳው ሚስት» እየተባለች አንገቷን ደፍታ የኖረች ሴት ናት። ያን ቀን ቀና ብላ ቆማ ነበር። ማታ ቤት ስንገባ ምነው ዝም አልክ ብዬ ብቆጣው፣ «እኔ ጥሩምባዬን በሕይወቴ ሰማሁት፤ ስንት ሰው ይህን ያገኛል?» ብሎ ሳቀ። ጥፋት ካለ ጥፋታችን ይህ ነው፤ ዝም ማለታችን። የዝምታው ዕዳ በአጽሙ ላይ ይመጣል ብለን አላሰብንም።

6. ክቡር ሆይ፣ የሚከተለው ለፋይል የሚሆን ነገር አይደለም፤ ግን ካልነገርኩዎ ለምን እንደምለምን አይገባዎትም። ባለቤቴ በኮሪያ አንድ ተራራ ላይ፣ መሬቱ በረዶ ሆኖ አልቆፈር ስላለ፣ ሰባት ጓደኞቹን በአንድ ጉድጓድ ለመቅበር ተገዷል። «የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ስማቸውን እየጠራሁ አፈር መለስኩባቸው» ይለኝ ነበር። ስድሳ ዓመት ሙሉ በእንቅልፉ ስም ይጠራ ነበር። ከዚያ ከተራራው አውርደው ጣቶቹን የቆረጡበት ሆስፒታል ውስጥ፣ አጠገቡ የተኛ አንድ ኢትዮጵያዊ ወታደር ሕመሙ ሲብስበት እጁን ይዞ «አይዞህ» ይለው ነበር። ስታማቲስ ከጦርነቱ ይዞት የተመለሰው ነገር ያ ቃል ብቻ ነው። እኔን ምጥ ሲይዘኝ «አይዞህ»፣ አህያችን ስትንሸራተት «አይዞህ»። ሊሞት ሲል እኔ ከሆስፒታሉ ክፍል መስተዋት ወዲህ ነበርኩ፤ አላስገቡኝም። አፌን አይቶ እንዲገባው ደጋግሜ «አይዞህ» አልኩት። ይስማ አይስማ አላወቅኩም። ሆስፒታል ከመግባቱ በፊት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ክሪሳንቲ፣ ከጉድጓድ አደራ።» እሺ ብዬዋለሁ። ሦስት ቀን ቀረኝ፤ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

7. ስለዚህ መጀመሪያ ያሰብኩት ዳክዬ ከማይገባው ቦታ ይውጣ ብዬ ልከስ ነበር። በቁጣ እየነደድኩ አርጊሮ ቤት ሄድኩ። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እውነት ነው፤ ቦታው የሽንብራ ነው። አካፋውን ያዢ፤ እኔም አብሬሽ እቆፍራለሁ። ግን ንገሪኝ፣ አንቺ የእኔን ወዴት ትጥይዋለሽ?» አለችኝ። የእሷም ባል ቢወጣ የሚሄደው እዚያው ጉድጓድ ነው። ሁለታችንም ደጃፏ ላይ ተቀምጠን እስኪበቃን አለቀስን። የዳክዬን አጽም ወደ ጉድጓድ የሚልክ አቤቱታ አልጽፍም፤ ባለቤቴም ቢሰማ ይቅር አይለኝም።

8. ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፦ ይህ ማመልከቻ መልስ እስኪያገኝ የሐሙሱ ቁፋሮ እንዲታገድልኝ ነው። መታገድ የማይቻል ከሆነም አጽሙ ሲወጣ ሐኪም ቆሞ የግራ እግሩን ጣቶች ይቁጠርልኝ። ሦስት ናቸው። ወረቀታችሁ ቢሳሳት አጥንቱ አይሳሳትም። ከዚያም የባለቤቴ አጽም በትንሽ ሣጥን ሆኖ ዳክዬ ባለበት መቃብር ውስጥ አጠገቡ ይግባልኝ። በአንድ ጓዳ ያደጉ፣ አንድ ብርድ ልብስ እየተሻሙ የተኙ ልጆች ናቸው፤ ቦታ አይጣበባቸውም። ባንዲራ ካለ ደስ ይለኛል። ጥሩምባ አልጠይቅም፤ ሰምቶታል።

9. መሥሪያ ቤትዎን አዲስ ድንጋይ አላስቸግርም፤ የሚቀረጽ ፊደልም የለም። ድንጋዩ ላይ «ዘማች ስታማቲስ ካራቪያስ፣ የሌፍቴሪስ ልጅ» የሚል ተጽፏል። ጽሑፉ ከመጀመሪያውም ልክ ነው፤ የጎደለው ሰውየው ብቻ ነው።

እስከ ሐሙስ ጠዋት ድረስ በመቃብሩ በር ላይ ተቀምጬ መልስዎን እጠብቃለሁ።

ከሰላምታና ከልመና ጋር፣

(ፊርማ) ክሪሳንቲ ካራቪያ
የሽንብራው ስታማቲስ ሚስት

ባለቤቴ ጠጋ እንዲልለት ተስማምቻለሁ፦
(የጣት አሻራ) አርጊሮ ካራቪያ
የዳክዬው ስታማቲስ ሚስት

አባሪ፦ የባለቤቴ የመሰናበቻ ወረቀት፤ በሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ የተነሳው ፎቶግራፍ (በፋሻ የተጠቀለለው እግር የእሱ ነው፤ እጁን የያዘው ሰው ስሙ አይታወቅም)