ያለ አፈር ይበቅላል

ኅዳር 8 ቀን 1975

በደብረ ታቦር እንደኔ የሚያነብ የለም። እሺ... በሰፈራችን። እሺ፣ በዚህ ቤት። ሚስቴ ራቢያ ገና ፊደል አልቆጠረችም።

ዛሬ ማታ መሠረተ ትምህርት ላይ ተነስቼ አነበብኩ፤ "ተክል ያለ አፈር ይበቅላል።" ለካ መጽሐፉ "አይበቅልም" ነው የሚለው! የመጨረሻዋ ቃል ረዘመችብኝና ገመትኳት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤቴ አለሙ፣ "ያለ አፈር ሳይሆን ያላፈረ በሉት!" አለ። ስም ወጣልኝ፤ አለቀ። ዝም እላለሁ እንዴ?

"ተሳስቼ መሰላችሁ? አበቅለዋለሁ!"

መምህርት ትርንጎ ሳቋን ዋጥ አድርጋ፣ "ጋሼ ሙሄ፣ ካበቀሉት ሰሌዳው ላይ ይታረማል" አለች።

ምን ነካኝ?

ኅዳር 11

ቆርቆሮ ሠሪነት ለዚህ ቀን ነው! የዘይት ቆርቆሮ ዘርግቼ ገንዳ ሠራሁ። ውስጡ የታጠበ ጠጠር ብቻ። ከላይ ቂጡ የተበሳ ጣሳ... ጠብ ጠብ ይላል። የተክሎቹ ቀለብ የበግ ፍግ ዘፍዝፌ ያጠለልኩት ውሃ። ሁለት አምፖል አንጠለጠልኩ፤ ብርሃኑ እንዳያመልጥ ዙሪያውን በተወለወለ ቆርቆሮ ከለልኩ። ዘሩ? ቃሪያ። ደጋ ላይ ቃሪያ!

"አልጋችንስ?" አለች ራቢያ።

"ወደ በሩ ይጠጋላ።"

"አንተ ራስህ ወደ በሩ ተጠጋ! ቤቱ እኮ በረት በረት ሸተተ።"

ኅዳር 27

በቀለ!! ሰፈሩን ቀሰቀስኩት።

ታኅሣሥ 6

ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ፍጉ በዝቶበት ይሆን? አቀጠንኩት። አለሙ በመስኮት፣ "ያላፈረ! ልጆችህ እንዴት አደሩ?" አለኝ። ሳቅኩ። ግን... ቢደርቅ በየት በኩል ክፍል እገባለሁ?

ታኅሣሥ 20

ከጉና ተራራ ውርጭ ወረደ። የአለሙ ድንች ጥቁር ብሎ አደረ። የእኔዎቹ? አረንጓዴ! ግን የከተማው ጄኔሬተር ተበላሽቶ መብራት የለም። ከሥራ ስመለስ ማሾው ገንዳው ላይ ተሰቅሎ ቦግ ብሏል። ራቢያ ናት።

"ለአንተ ብዬ እንዳይመስልህ። አለሙ እንዳይስቅብን ነው።"

የካቲት 2

አበባ። ነጭ። ራቢያ ቀድማ አይታው ሳትነግረኝ ዋለች፤ እኔ እንዳገኘው ብላ።

መጋቢት 17

ክፍል ገባሁ! አንዱን ተክል ከነፍሬው፣ ከነሥሩ ይዤ። ጠጠሩ ሥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። "አፈር ያገኘ እጁን ያውጣ!" አልኩ።

አለሙ አገላብጦ አየው፤ አሸተተው። አንዷን ቀጥፎ ገመጠ። እንባው ዱብ ዱብ...

"ደስታ ነው?" አልኩት።

"ዝም በል... ውሃ!... ሙሄ፣ ለእኔም ትሠራልኛለህ?"

ሙሄ አለኝ። ያላፈረ አላለም። ሁሉም ሰማ።

መምህርት ትርንጎም ተነስታ ሰሌዳው ላይ በትልቁ "ያለ አፈር ይበቅላል" ብላ ጻፈች። ከኋላ ወንበር አዲሷ ተማሪ፣ የእኔዋ ራቢያ፣ ፊደል በፊደል ጮክ ብላ አነበበችው። የመጨረሻዋን ቃል እንደኔ አልገመተችም።

...እሺ። አንድ ነገር ጨምሬያለሁ። ሰሌዳው ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። መምህርት ጠመኔውን ብቻ ነው የሰጠችኝ፣ "ጋሼ ሙሄ፣ እርስዎ ያርሙት" ብላ።