አንዱን ብረት ለበስ ሰባት ጊዜ ስለበየድንበት ጉዳይ

ለተከበሩ የመከላከያ ኢንዱስትሪ ሚኒስትር
ካንቤራ

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእኛን ኢንዱስትሪ ጤና ከእኛ አስቀድመው የሚያውቁት እርስዎ ስለሆኑ፣ እኔም የእርስዎን ብጠይቅ ነውር አይሆንብኝም ብዬ ነው። በካርዋራ ከተማ ለጦሩ ብረት ለበስ ተሽከርካሪ በሚሠራው ፋብሪካ የበያጆች ኃላፊ ነኝ።

አንደኛ፣ ለላኩልን የምስክር ወረቀት ምስጋናችን ወሰን የለውም። በራችን ላይ ያለው ሰሌዳ «ያለ አደጋ 611 ቀን» ስለሚል፣ መሥሪያ ቤትዎ የአገሪቱ ጤናማ ፋብሪካ ብሎ ሸልሞናል። የመጨረሻው ትዕዛዝ ካለቀም ልክ 611 ቀን ነው። ከአርባ ሁለት በያጅ ሦስት ቀርተን ነበር፤ የሦስታችንም ጣት ሙሉ ነው።

ሁለተኛ፣ አዲሱ ትዕዛዝ እስኪፈረም ሙያችንን እንዳንረሳ ስላወጡልን መመሪያ። በመመሪያው መሠረት ያንኑ አንድ ተሽከርካሪ ሰኞ እንበይደዋለን፤ ሐሙስ መልሰን እንቆርጠዋለን። በሰባተኛው ዙር፣ ጥይት የማይበሳውን ብረት ለመበየድ ፈቃድ ያለው ብቸኛ ሰዋችን ቤቫን ክራንች ጭንብሉን አወለቀና «ኖሊን፣ የማዕድን ማውጫዎቹ ሰዎች ዛሬም ና ሥራ ብለው ደወሉልኝ። እስከ አርብ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ በቃኝ» አለኝ። ይህንኑ ወዲያው ጻፍኩልዎ፤ ደብዳቤዬ እንደደረሰዎ የሚገልጽ ያማረ ደብዳቤም ደርሶኛል።

ሦስተኛ፣ ረቡዕ ስለጎበኙን። ረዳቶችዎ አዳራሹ በሠራተኛ ተሞልቶ እንዲታይ ስላዘዙ፣ ሦስታችን በካሜራው ፊት እያለፍን፣ በጓሮ በር እየወጣን፣ ቆብ እየቀየርን ተመለስን። ቤቫንን አራት ጊዜ ጨበጡት። በአራተኛው «ለሥራው አዲስ ነህ?» ቢሉት፣ «አዎ አለቃ፣ አሁን መግባቴ ነው» አለዎት።

አርብ፣ ለሚሄድ ሰው እንደምናደርገው፣ በግቢው ቋሊማ ጠብሰን በዳቦ በላን። ከቤቫን ጋር ሃያ ስድስት ዓመት ጎን ለጎን በይደናል፤ አለቀስኩ፣ አላፍርበትም።

ለብዕርዎ ቀለም፣ ለእጅዎ ፍጥነት እየተመኘሁ፣ ከማይናወጥ አክብሮት ጋር፣

ኖሊን ፕራውስ
ራሷን ጨምሮ የሁለት በያጆች ኃላፊ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤዬን ሳልልከው ሳምንት አለፈና፣ ዛሬ ጠዋት የዘጠና ተሽከርካሪ ትዕዛዝዎ ደረሰን። ሥራው ፈቃድ ባለው በያጅ ብቻ እንዲሠራ ያዝዛል። ለቤቫን ደወልኩለት። ብዙ ሳቀ፤ ከዚያ «ልጆቹን እዚህ ትምህርት ቤት አስገባኋቸው እኮ፣ ኖሊን» አለኝ። ስለዚህ ክቡርነትዎ የጓንት ቁጥርዎን ቢልኩልን፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የበያጅ ልብስ ይዘን እንጠብቅዎታለን።