የተጋደመው ጥርስና የአባባ ሜትር

ይድረስ ለወንድሜ ለድምቡሼ፣

እንደምን ከርመሃል? ሥራህ፣ ወገብህ፣ ያ ፔዳሉ የሚንቋቋው የስፌት መኪናህ እንደምን ናቸው? እማዬስ? ጉልበቷ ደረጃውን እሺ አለላት? የግራ ጉንጭህስ? ለሌላው ሁሉ «ደህና ነው» እንደምትለኝ ስለማውቅ ጉንጭህን ለብቻው ጠይቄዋለሁ፤ እሱም ለብቻው ይመልስልኝ። እኔ ደህና ነኝ። አንድ ጥርስ ጎድሎኛል እንጂ ሙሉ ነኝ።

በስልክ ልነግርህ ብሞክር «እሺ፣ እሺ» ብለህ ወሬውን ወደ ኳስ ታዞረዋለህ። ደብዳቤን ግን መሃል ገብቶ ማቋረጥ አይቻልም። ስለዚህ መርፌውን ከአፍህ አውጣና ቁጭ ብለህ አንብበው።

የምሠራበትን ቤት በደንብ ነግሬህ አላውቅም። ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚሠራበት ነው። ሐኪሞቹ የበሽተኛውን አፍ ሊጥ በመሰለ ነገር ቀርጸው ይልኩልናል፤ እኔ ጄሶ በጥብጬ እሞላበታለሁ፤ ሲደርቅ መንጋጋ ይሆናል። ግድግዳው በሙሉ መደርደሪያ ነው። ስም የሌላቸው፣ ቁጥር ብቻ ያላቸው ስምንት መቶ ያህል ነጫጭ መንጋጋዎች ቀኑን ሙሉ ጥርሳቸውን ገልጠው ያዩኛል። እየሳቁ ይሁን ሊነክሱኝ፣ በአራት ዓመት ውስጥ መለየት አልቻልኩም። ቢሆንም ተላምደናል፤ ቢያንስ አያሙኝም።

ባለፈው ወር አቧራ ስጠርግ ከታችኛው መደርደሪያ አንዱን አነሳሁና ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። የአባባ አፍ ነበር። የአባባን አፍ ይመስላል አላልኩህም። ሁለቱ የታች የፊት ጥርሶች እግሩን አጣምሮ እንደተቀመጠ ሰው አንዱ በአንዱ ላይ ወጥተዋል፤ ክር የሚበጥስበት ጥርስ ጫፉ ተሸርፏል። አባባ ከሞተ ሃያ ዓመቱ ነው፤ አፉን በጄሶ የቀረጸ ሰው ደግሞ አልነበረም። ገልብጬ ቁጥሩን ሳየው የራሴ የሠራተኛ ቁጥር ነው። የተቀጠርኩ ሰሞን ለልምምድ ብለው አፌን ቀርጸውት ነበር፤ ረስቼዋለሁ። ክር በጥርስ መበጠስም ከእሱ የወረስኩት ዓመል ነው። ምስጢሩ ይኸው ነበር፤ ልቤ ግን ማብራሪያውን ሰምቶም ወደ ቦታው አልተመለሰም።

ፀጉሩ ከሥራው የነጣው አለቃችን፣ «ጋሼ ጄሶ» የምንለው፣ መንጋጋውን ከእጄ ወሰደና ጨርቅ እንደሚመርጥ ሰው በአውራ ጣቱ እየዳሰሰ ሄደ። ከመጨረሻው ጥርስ ኋላ ካለች ትንሽ እብጠት ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። «ከዚህ ግድግዳ ጀርባ ሰው አለ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። «ተጋድሟል። ሂጂና ራጅ ተነሺ» አለኝ።

የሄድኩባት የጥርስ ሐኪም ራጁን መብራት ላይ ለጥፋ አሳየችኝ። እውነትም ሰው አለ። አጥንቴ ውስጥ አንድ ሙሉ ጥርስ በጎኑ ተጋድሞ፣ ግንባሩን ጎረቤቱ ላይ አስደግፎ ተኝቷል። የጥበብ ጥርስ የሚሉት የመጨረሻው መንጋጋ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአሥራ ሰባት እስከ ሃያ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይመጣል፤ ሲመጣ ቦታ ተይዞ ካገኘው ይጋደማል፣ ወይም ግማሹ ብቅ ብሎ ግማሹ ድድ ውስጥ ይቀራል። «ይነቀል ማለት ነው?» ስላት፣ ጸጥ ብሎ የሚተኛውን ማንም አይቀሰቅሰውም፤ በየጊዜው በራጅ እያየን እንተወዋለን አለችኝ። የሚወጣው ከድዱ ሥር ምግብ እየያዘ ደጋግሞ ካመረቀዘ፣ ጎረቤቱን ካበላሸ፣ ወይም ዙሪያውን ውኃ የቋጠረ ከረጢት ካበጀ ነው። የኔው ጎረቤቱን መብላት ጀምሯል። በሃያዎቹ ዕድሜ ቢሆን ይቀል ነበር አለች፤ ሥሩ እየረዘመ በሄደ መጠን በታችኛው መንጋጋ ውስጥ ወደሚያልፈው ነርቭ ይጠጋል።

ከዚያ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ፣ ከቤተሰባችሁ መንጋጋው አብጦበት የታመመ ሰው አለ ወይ ስትል ጠየቀችኝ። አንተ ያኔ አራት ዓመትህ ነበር፤ ማንም አልነገረህም። እኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ አይቻለሁ። የአባባ ጉንጭ በየጥቂት ወሩ ያብጥና ይመለስ ነበር። አክስቴ «ብርድ ነው» ትላለች፣ በሻርፕ ይጠቀልሉታል፣ ያልፋል። በመጨረሻው ጊዜ አላለፈም። አፉ ሦስት ጣት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ የሻይ ማንኪያ ብቻ ማስገባት ጀመረ። ድምፁ ማሰሮ ውስጥ ሆኖ የሚናገር ሰው ድምፅ ሆነ። እሱ ደግሞ ልብስ ሰፊ ነውና ጠዋት ጠዋት አንገቱን በሜትር እየለካ ቁጥሩን በመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ በጠመኔ ይጽፍ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሠላሳ ዘጠኝ። በሁለተኛው አርባ አንድ። ሦስተኛውን እዚህ አልጽፈውም። እማዬ ዓመት ሙሉ አላጠፋችውም፤ ጨርቅ ስትቆርጥ ዞራው ነበር የምትቆርጠው።

አሁን ባለፈው እሑድ በስልክ ያልከኝን አስታውስ። ጉንጭህ ዘንድሮ ለሦስተኛ ጊዜ አብጦ እንደነበር ነገርከኝ፤ ክኒን ውጠህ እንደተሻለህ ነገርከኝ፤ ከዚያ እየሳቅህ «አንገቴን በሜትር ለካሁት፤ ሠላሳ ዘጠኝ የነበርኩት ሰውዬ አርባ አንድ ገባሁ» አልከኝ። እኔ አልሳቅሁም፤ መስመሩ የተቋረጠ መስሎህ «ሄሎ፣ ሄሎ» አልክ። አልተቋረጠም ነበር።

ድምቡሼዬ፣ ክኒኑ እሳቱን ያበርደዋል እንጂ ተኚውን አያስወጣውም። ደህና ነኝ የምትልበት ይህ ሳምንት የመሄጃህ ሳምንት ነው፤ ረጋ ብሎ ማየትም ማውጣትም የሚመቸው እብጠቱ ሲጎድል ነውና። ራጅ ተነሣ። ምናልባት ሐኪሙ ተወው ይልህ ይሆናል፤ ያኔ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ግን ከምትሄድበት ቀን በፊት ትኩሳት ከያዘህ፣ ምራቅ መዋጥ ካቃተህ፣ እብጠቱ ወደ አንገትህ ከወረደ ወይም ትንፋሽ ካጠረህ፣ ሜትሩን ሳይሆን ጫማህን አንሳና በዚያችው ሰዓት ሆስፒታል ግባ።

ማውጣቱ እንደሚፈሩት አይደለም። ደነዘዝኩ፣ ድዴን ከፈቱት፣ ጥርሱን ቆራርጠው አወጡት፣ ሰፉት፤ አንተ ኪስ ከምትሰፋበት ጊዜ ብዙም አይበልጥም። ሦስት ቀን እንደ ድሮው አንተ ድምቡሼ ሆንኩ፤ በረዶ ያዝኩበት፣ ለስላሳ ነገር በላሁ፣ መምጠጥ ቁስሉን ይከፍታልና በማንኪያ እንጂ በስትሮ አልጠጣሁም። ቁርጥራጩን በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ነጭ ነው፣ ጭረት የለበትም። ይህን ሁሉ ዓመት አፌ ውስጥ ኖሮ አንድም ጉርሻ አላኘከም። ምን ሲጠብቅ ኖረ ይሆን እያልኩ አየዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ከጎኔ ቁጭ ብላ ጥርስ ቀለም የምትቀባው ጓደኛዬ ናት፤ ሦስት ሳምንት ትቆያለች። ሻንጣዋ ውስጥ በካልሲ የተጠቀለለ ጄሶ አለ፤ የዚያ መንጋጋ ግልባጭ ነው። የተጻፈበት የእማዬ ስም ነው። ከመመለሷ በፊት ራጅህን ካሳየሃት ጥቅሉን ይዛው ትመለሳለች። ካላሳየሃት ለእማዬ ትሰጣታለች። እማዬ ካልሲውን ስትፈታ የማን አፍ እንደሆነ የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ፤ ስለ ጥቅሉ ትንፍሽ እንዳትል። አክስቴን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ብርድ ነው ካለችህ ሻርፑን ተቀበላት፣ አንገትህ ላይ ጣል አድርገውና ሐኪም ቤት ሂድበት። ድመቷንም እሺ ካለች ዳብስልኝ። መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የጻፍከው ቁጥር ካለ ዛሬውኑ በእርጥብ ጨርቅ አጥፋው።

እህትህ

ከጄሶው ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ ከቀትር በኋላ፣ ኅዳር ዘጠኝ ቀን